ለሪሀና የተመረጠው ቱርቦ

ኤፍሬም ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ያስተምራል። ጡረታው ደርሷል። መኪና ስር ሲገባም ሲወጣም ወገቡን ያመዋል፤ ቢሆንም ከክፍል እንደወጣ ወደ ጓሮው ይሄዳል። እዚያ ቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ከልጅነት ጓደኛው ከጁነዲን ጋር ለውድድር የሚያዘጋጇት አሮጌ ኮሮላ ቆማለች። ኤፍሬም ይሠራታል፣ ጁነዲን ይነዳታል። ጁነዲን ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት የሆነ ሰው ነው።

መኪናዋን የሚጎዳት ቱርቦ ነበር። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው፤ አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ ያስገባል፣ ጉልበት ይጨምራል። ከተበላሸ ግን ሞተሩንም ይዞ ይጠፋል። እነ ኤፍሬም ሁለት ጊዜ ተበላሽቶባቸዋል። ሁለቱንም የመረጠው ጁነዲን ነበር፤ ሁለቱም ትልልቅ፣ ያገለገሉ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ። የኋለኛው አንጋጫ ዳገት ላይ ሲሰበር ስብርባሪው ሞተሩ ውስጥ ገባ። ኤፍሬም ያንን ሞተር ሲያድስ ክረምቱ አለቀበት።

መስከረም ላይ መለዋወጫ የምትሸጠው ትርፊት ደወለች። ሁለት ቱርቦ ከአዲስ አበባ አስመጥታላቸዋለች። ሁለቱ ጓደኛሞች አብረው ወደ ሱቋ ሄዱ።

አንደኛው ትልቅ ነው፤ ከውድድር መኪና ላይ የወረደ። ሌላው ትንሽ፣ አዲስ፣ ለቤት መኪና የተሠራ። ኤፍሬም የትልቁን ዘንግ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ጎን ነቀነቀው። በትንሹ ተንቀሳቀሰ።

«ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ተበልቷል» አለ። «ደግሞ ይሄ ትልቅ ስለሆነ እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል። የእኛ አገር አየር ስስ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ማንኛውም ቱርቦ ከሌላ ቦታ አብልጦ መሽከርከር አለበት። የተበላ ዘንግ ያንን አይችልም። ትንሹ ቶሎ ይነቃል፣ ግን ጉልበቱ ልከኛ ነው።»

ይህን ሁሉ የተናገረው ለደንቡ ያህል ነው። ጁነዲን እንደ ልማዱ ትልቁን እንደሚያነሳ ያውቃል፤ ለመከራከር ደግሞ አቅም አልነበረውም።

ጁነዲን ሁለቱንም በእጁ ዳሰሰና «ትንሹን» አለ።

ትርፊት ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«ትንሹን ጠቅልይልን።»

ውጭ ሲወጡ ጁነዲን የፒክአፑን ቁልፍ ለኤፍሬም ሰጥቶ ራሱ በጎን ተቀመጠ። ይህም ልማዱ አልነበረም። ኤፍሬም ሞተሩን ሳያስነሳ ጠበቀ።

«ዓይኔ ነው» አለ ጁነዲን። «ስኳሩ ዓይኔን በላው። ከፊቴ የሚመጣው መኪና ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ሐኪሙ አትንዳ ብሎኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ በቃን ትለኛለህ ብዬ ነው።»

«እውነትህን ነው፤ እል ነበር» አለ ኤፍሬም። በውስጡ የተሰማው ንዴት ይሁን እረፍት መለየት አቃተው። «ታዲያ ቱርቦውን ለማን ገዛነው?»

«ለሪሀና። ልንዳ ብላ ራሷ ጠየቀችኝ። ለራሴ ቢሆን ትልቁን እወስድ ነበር። እሷ እየነዳች ሲፈነዳ ግን ማየት አልፈልግም።»

ሪሀና የጁነዲን ትልቋ ልጅ ናት፤ ፋርማሲስት። መንዳት የተማረችው የአባቷን ፒክአፕ በሆመቾ መንገድ ጭቃ ውስጥ እየነዳች ነው። ኤፍሬም ቱርቦውን ሲገጥም አጠገቡ ቆማ ታይ ነበር። አሮጌውን የዘይት ቱቦ ጥሎ አዲስ አስገባ፤ ቱርቦ ቶሎ የሚሞተው ዘይት ሲያጣ ነው። የአየር ግፊቱንም ሞተሩ ከሚችለው ዝቅ አድርጎ አሰረው።

«ጋሼ፣ ሊበላሽ ሲል በምን አውቃለሁ?» አለችው።

አባቷ ይህን ጠይቆት አያውቅም። ኤፍሬም መፍቻውን አስቀመጠ።

«ፉጨቱ ይለወጣል፤ እንደ ማልቀስ ይሆናል። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ታያለሽ። ያኔ እግርሽን አንሺ። ውድድሩ ይቅር። የሞተሩ ሙቀት ሲጨምርም እንዲሁ፤ ግን ሞተሩን በድንገት እንዳታጠፊ። ቱርቦው ግሎ እያለ ዘይቱ ከቆመ ይቃጠላል።»

ውድድሩ የተደረገው ዱራሜ አጠገብ ገና ለመኪና ባልተከፈተ አስፋልት ላይ ነው። ጁነዲን በኤፍሬም ክንድ ተደግፎ ቆመ።

«የት ደረሰች?»

«ድልድዩን አለፈች። አራተኛ ናት።»

«አሁንስ?»

ኤፍሬም አንገቱን አስግጎ አየ። ዳገቱ መሀል ላይ ኮሮላዋ ዳር ይዛ ቆማለች። ሌሎቹ አንድ በአንድ አለፏት። ኤፍሬም ሌላ ክረምት ሞተር ማደስ እንደማይችል በዚያች ቅጽበት አወቀ።

«ቆማለች» አለ በመጨረሻ።

«እሷስ ደህና ናት?»

«ውስጥ ተቀምጣለች። ጭስ የለም።»

ጥቂት ቆይታ ተንቀሳቀሰች። ቀስ ብላ ዳገቱን ጨረሰች፤ ከኋላዋ የቀረ አንድም አልነበረም። ሪሀና ከመኪናዋ ስትወርድ ፊቷ በላብ ርሷል።

«ሙቀቱ ጨመረብኝ» አለች። «ሳላጠፋ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ብገፋው እደርስ ነበር ይሆን?»

ኤፍሬም ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ዘይት አልፈሰሰም። ዘንጉም ደህና ነው። የተበላሸው የራዲያተሩ ማራገቢያ ነበር፤ በአንድ ሰዓት የሚጠገን ነገር።

«ትደርሺ ነበር» አላት። «ሞተሩ ግን አይተርፍም ነበር።»

ኮሮላዋ ከዚያ በፊት ከውድድር በገመድ ተጎትታ እንጂ በራሷ ተመልሳ አታውቅም። ኤፍሬም ማራገቢያውን ካስተካከለ በኋላ ሪሀና ራሷ ወደ ሆሳዕና ነዳቻት። አባቷ ከጎኗ ሆኖ ስለሚቀጥለው ዓመት ያወራል። ኤፍሬም ከኋላ ወገቡን በመቀመጫው ላይ ዘርግቶ ተኛ።

«ኤፍሬም፣ ግፊቱን ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ?» አለ ጁነዲን።

«እሱን ሪሀናን ጠይቃት» አለ ኤፍሬም ዓይኑን ሳይገልጥ። «እኔ እስኪ ልረፍ።»