ጅራት የሆንኩበት ቀን

የእግር ጉዞ ቡድናችን እሑድ እሑድ ማለዳ ሐይቅ ዳር ይገናኝና የታቦርን ኮረብታ ወጥቶ ወርዶ ይበተናል። በዓመት አንዴ ግን፣ በበልግ፣ ከሐዋሳ ራቅ ብለን እንሄዳለን። ከሁለት ዓመት በፊት የመረጥነው በረሃማ የቆላ ተራራ ነበር። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ስለነበር ከግራሩና ከድንጋዩ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር አልነበረም።

የሥራ ባልደረባዬን ጋሼን እንዲመጡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አብረን እንሠራ ነበር፤ እኔ መጻሕፍት አበድራለሁ፣ እሳቸው የተገነጠለውን ይጠርዛሉ። ጎረቤቴም ነበሩ።

«ጋሼ፣ ጡረታ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ተራራ» አልኳቸው።

«እኔን በዚህ ዕድሜዬ ተራራ ላይ ምን አወጣኝ?» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ግን ምን ዓይነት ጫማ እንደሚሻል ጠየቁኝ።

በቡድናችን ከሁሉም ኋላ የሚሄደውን ሰው «ጅራት» እንለዋለን። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላው ማንም እንዳይቀር መጠበቅ። የዚያን ቀን ጅራት እኔ ነበርኩ።

ረፋዱ ላይ ጋሼ ደከሙ። ሌሎቹ ቀድመውን ጫፍ ወጥተዋል፤ ጩኸታቸውና ሳቃቸው እስከ ታች ይሰማል። እሳቸው አንዲት ግራር ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ተረከዛቸው ተልጧል።

«እዚህ ይጠብቁኝ፣ ጫፉን አይቼ በሃያ ደቂቃ እመለሳለሁ» አልኩ።

«እሺ ልጄ። ብቻ አትቆዪ፤ አገሩን አላውቀውም።»

ቆየሁ። ከላይ በሩቅ ያሉ ሐይቆች እንደ መስታወት ስብርባሪ ይታያሉ፤ ነፋሱ ደስ ይላል፤ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ሙዝ በላን። ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ሁለቴም «ትንሽ ቢያርፉ ይሻላቸዋል» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስንነሣ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር።

ግራሯ ሥር ስንደርስ ማንም አልነበረም። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ብቻ።

ተበታትነን ፈለግናቸው። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። ያገኘቻቸው ግን ውሃ ቀድታ ስትመለስ የነበረች የአካባቢው ሴት ናት፤ በሌላ መንገድ ወርደን የተውናቸው መስሏቸው ብቻቸውን ሲወርዱ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወድቀው ኖሯል። ስንደርስ ሴትየዋ ራሳቸውን ደግፋ ከጄሪካኗ ታጠጣቸዋለች። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ አብጦ ተጣሟል።

የቡድኑ መሪ ወደ እኔ ዞረ። «ጅራት፣ ምንድን ነው የሆነው?»

አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «እሷ ምን አጠፋች? ከዚህ አይነሡ ብላኝ ነበር። አልሰማ ብዬ የተነሣሁ እኔ ነኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። «ሃያ ደቂቃ ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል የቆየሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ።

እጃቸው ተጠገነ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለጥረዛ ክሩን ወጥሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጣቶቻቸው እምቢ አሉ። ከአንድ ወር በኋላ አንድ የቆየ መዝገበ ቃላት ጀምረው መጨረስ ሲያቅታቸው አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። ጡረታቸው ሳይደርስ ሥራ ለቀቁና ልጃቸው ጋ ሌላ ከተማ ገቡ።

በቡድኑ ውስጥ ታሪኩ ቀልድ ሆነ። አዲስ ሰው ሲመጣ «እንደዚያ ግትር ሽማግሌ እንዳትሆን፣ ተቀመጥ ስትባል ተቀመጥ» ይሉታል። እኔም አብሬ ፈገግ እላለሁ።

ዘንድሮ በበልግ ከታቦር ስንወርድ ለቡድኑ መሪ እውነቱን ነገርኩት። ቆሞ አዳመጠኝ።

«ያኔ ብትናገሪ ቢያንስ ሰውየውን ግትር አንልም ነበር» አለ። «እኔ እኮ በእሳቸው ተናድጄ አንድ ቀን እንኳ ደውዬ አልጠየቅኳቸውም።»

በዚያው ሳምንት ደወልኩላቸው። ስለ ጤና ከተጠያየቅን በኋላ ሁሉንም አወጣሁት፤ የቆየሁትን፣ ሰዓቴን ማየቴን፣ ዝምታዬን።

«መቆየትሽንማ አውቃለሁ» አሉ። «የዚያን ቀን ጥፋቱን በራሴ ያደረግኩት ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው። ሲቆይ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ አስቤ ነበር።» ቀጥለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ ልጄ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። እሳቸውም አላስጨነቁኝም፤ ሐዋሳ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥሏል አልኳቸው።