በባሕር ዳር ዞሬ አዲስ አበባ

ረዳት አብራሪ ነኝ። በረራዬ የሚነሣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ወላጆቼ ያሉት ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ክረምት እነሱን ጠይቄ ስመለስ፣ በአውቶቡስ የዓባይን ቁልቁለት መውረድ ፈራሁና ባሕር ዳር ሄጄ አውሮፕላን ለመሳፈር ወሰንኩ።

የቅኔ መምህሩን አባቴን ገረማቸው። «አዲስ አበባ በደቡብ ናት፤ አንተ ወደ ሰሜን ትሄዳለህ?»

«በአየር እኮ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ አባባ።»

ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ከአራት ሰዓት በላይ ተጉዤ ባሕር ዳር ስደርስ፣ በረራው በጉም ምክንያት ተሰርዟል። በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ። አባቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ደህና ገባህ አዲስ አበባ?»

«ጉም ነበር፣ አባባ።»

«አውሮፕላኑ ጉም ይፈራል፣ አንተ ገደል ትፈራለህ። ተስማምታችኋል።»

ሥራ የምገባው በማግስቱ ማታ ስለነበር ጠዋት አውቶቡስ ያዝኩ። ከደጀን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር የፊቴን ወንበር አንቄ ያዝኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አዘኑልኝና እጄን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ። ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቢሮ ነው የምሠራው» አልኳቸው።