መርዶው ከመድረሱ በፊት

ውሸት ነው በሉኝ፤ እባካችሁ።

የፊዚክስ መምህራችን አስማረ ትናንት ከሰዓት ቢሯቸው ውስጥ እንደተቀመጡ አረፉ። እናታቸው ሳይሰሙ ማንም እንዳይለጥፍ ስለተባልን እስካሁን ዝም አልኩ። አሁን ግን ሰምተዋል።

ጎንደር የተማራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የቆሎ ተማሪ ሆነው ስላደጉ «የኔታ» እንላቸው ነበር። ኳንተም ሲያስተምሩ እንደ ቅኔ መምህር ነው የሚያፋጥጡት። «ቅንጣቷ እዚህ ነበረች» ላለ ሁሉ አንድ መልስ ነበራቸው፦ «መቼ ጠየቅሃት?» መጠየቅ ሲሉ መለካት ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን እጄን አወጣሁ። «የኔታ፣ እንደ መርዶ ነው አይደል? ሰውየው ሞቷል፤ እኛ ግን ገና አልሰማንም።»

ሳቁብኝ። ሲስቁ ደግሞ ጠመኔው ሁሉ ይወድቃል። «አይ ልጄ! መርዶ ያለቀ ነገር ነው፤ የዘገየው ወሬው ነው። እዚህ ግን ሳትጠይቂ ያለቀ ነገር የለም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ገባኝ እንዳይል።»

ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። «እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ጊዜ ነው። ሌላውን ሁሉ እንጠይቃለን፤ ጊዜን ግን ከእጅ ሰዓታችን ላይ አንብበን እንቀጥላለን። እሱ ብቻ ነው ሳይጠየቅ የሚያልፈው።»

ትናንት አመሻሽ ላይ እናታቸው ከኮላ ድባ ደወሉልኝ፤ ከየኔታ ጋር ቤታቸው ስሄድ ስልኬን ይዘው ነበር።

«አንቺ፣ ምነው የአስማረ ስልክ ዝም አለ? ሸጋ ነው?»

«ደህና ናቸው እማማ። ስብሰባ ገብተው ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«እንዲያ ነው? ቅዳሜ ሲመጣ ሽምብራ ቆልቼ እጠብቀዋለሁ በይልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ኮላ ድባ ደርሰን ከሽማግሌዎቹና ከእማማ ንስሐ አባት ጋር ደጃቸው ቆምን። እማማ በሩን ከፈቱ። ቄሱን በዓይናቸው አለፉ፣ ሽማግሌዎቹን አለፉ፣ እኔን ፈልገው አዩኝ።

«ስብሰባው አላለቀም?» አሉኝ።

ቀሪውን ሽማግሌዎቹ ተናገሩ።

የኔታ፣ ትምህርትዎን አልረሳሁም። ያለቀ ነገር መሆኑን አውቅ ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ እማማ ተኝተው ሳሉ፣ ገና ያልተቆረጠ ነገር በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ሁለቱን የማምታታት ያንኑ ስህተት ደገምኩት። ምነው ተነስተው በሳቁብኝ።

እናትዎን ዋሽቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ የኔታ። ቅዳሜ እማማ ሽምብራውን የሚበላላቸው ሰው አያጡም፤ እኔ እሄዳለሁ።