የአባቴ የክርስትና ልጆች

ሮጦ የመጣ ልጅ ሲያለከልክ በሰማሁ ቁጥር አዳማ የነበረው ግቢያችን ትዝ ይለኛል። በዓል በመጣ ቁጥር የሌላ ሰው ልጆች ከአጥሩ በር እስከ ውሃ በርሜሉ ድረስ ሮጠው፣ ልባቸው እስኪጠፋ አለክልከው፣ ሸሚዛቸውን ገልበው በረንዳው ላይ በተቀመጠው አባቴ ፊት ይሰለፉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሳሎኑ መጋረጃ ኋላ ቆሜ በቅናት እርር ድብን እል ነበር።

አባቴ በደርግ ጊዜ አዳማ ውስጥ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ያለ ቀናቸው ተወልደው፣ ሳንባቸው ገና ሳይጠና ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ጨቅላዎች ያክም ነበር። ብዙዎቹ ሞተውበታል፣ የተረፉም ነበሩ፤ ዕድሜውን የሰጠውም ለአንድ ጥያቄ ነበር፦ እነዚያ የተረፉት ሲያድጉ ሳንባቸው እንደ ጤነኛ ልጅ ይሆናል ወይስ እንደታመመ ይቀራል? ይህን ለማወቅ ልጆቹን በየዓመቱ ማየት ነበረበት። ወላጆች ግን ልጃቸው ከዳነ ወዲያ የሐኪም ቤት ደጅ ማየት አይፈልጉም፤ ቀጠሮ ሲሰጣቸው «እሺ» ብለው፣ ወደ መቂ ወይም ወደ ቆቃ ተመልሰው በዚያው ይቀሩ ነበር።

አባቴ ታዲያ ዘዴ አገኘ። «ለቀጠሮ የማይመጣ ሰው ለበዓል ይመጣል» አለና፣ ወንዶቹን ራሱ ክርስትና እያነሳ ሴቶቹን ለእናቴ ይሰጣት ጀመር። የክርስትና አባቱን በበዓል ሳይጠይቅ የሚቀር ልጅ የለምና ግቢያችን ጢም ይል ነበር፤ አባቴም ትንፋሻቸውን ለመመርመር እያስሮጠ ደረታቸውን ያዳምጥ ነበር። የሞጆ ሙስሊሞችም ወሬውን ሰምተው ልጆቻቸውን በአረፋ ያመጡ ስለነበር ለእኔ አረፋም እንኳ እረፍት አልነበረውም። የቀበሌው ካድሬ «ጓድ ዶክተር፣ ቤተ ክርስቲያን አበዙሳ» ቢለው፣ አባቴ «ጓድ፣ ለሥራ ነው የምሄደው» ብሎ አፉን አስያዘው።

እንቁጣጣሽ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው የመቂው ታደለ ነበር። እናቱ ከአውቶቡስ ተራ አንድ ኬሻ ሽንኩርት በጋሪ አስጭና መጥታ፣ ገና ከበር «አካም ጂርቱ ዶክተር! ልጅዎን አመጣሁልዎ» ስትል፣ ታደለ ሮጦ የአባቴን ጉልበት ይስምና «አባዬ» ይለው ነበር። እኔም «አባዬ» ነበር የምለው። ሌላ መጠሪያ የጠፋ ይመስል! እኩያዬ ሆኖ ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም ነበር፤ አባቴ ግን ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እኔ ሳወራ በማላይበት ትዕግሥት ያዳምጠው ነበር።

ጥምቀት አልፎ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳ ልጆቹ ሳል እየጀመራቸው ምልልሱ ይብስ ነበር። ሙቀቱ ጨምሮ ፋሲካ ሲደርስ፣ በአንዱ ዓመት አባቴ «ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ልጅ ያስፈልገኛል፤ ነይ እስቲ አንቺም ሩጪ» አለኝ። ደስታ የማደርገውን አሳጣኝ። የበዓል ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ታደለን ጥዬው፣ እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። በረንዳው ላይ ስደርስ የአባቴ ጆሮ ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ ይሞቅ ነበር፣ ጺሙም ይወጋ ነበር። ገና ዓይኑን ሳይጨፍን ቀና አለና፣ «ጎሽ፣ አንቺ እንደ ብረት ነሽ፤ በይ ታደለን ጥሪልኝ» አለኝ። ጠራሁለት።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ታደለ ደረቱን አሞት እኛ ቤት ተኛ፣ ያውም በእኔ አልጋ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ እሱ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ አልቻልኩም፤ «እማዬ፣ እኔንስ ያለ ቀኔ ብትወልጂኝ ምን ነበረበት?» አልኩ። አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እናቴ ትቆጣኛለች ስል አልተቆጣችኝም።

«ካንቺ በፊት ወንድም ነበረሽ» አለችኝ፤ «ያለ ቀኑ መጥቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ባባትሽ እጅ ላይ ሞተ። አባትሽ ገና ተመርቆ መውጣቱ ነበር፤ የሚያደርግለት ጠፋው።»

አባቴ እጁን ታጥቦ ወደ ታደለ ገባ። ትልቅ ሰው ብሆን ኖሮ ባዘንኩ፤ ልጅ ነበርኩና የምቀናበት አንድ ሰው ተጨመረብኝ። አባቴ በየልጁ ደረት ውስጥ የሚፈልገው ያንን ወንድሜን እንደሆነ ገባኝ፤ ከሞተ ልጅ ጋር ደግሞ ሮጦ መቅደም አይቻልም።

ታደለ ዳነ። አባቴም ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሲመረምር፣ ሲጽፍና ሲያስተምር አርጅቶ ጡረታ ወጣ። እናቴ አርፋለች፤ አሁን እኔና እሱ ብቻ ነን የምንኖረው። በልጅነቴ የተመኘሁት ይኸው ነበር፣ አባቴን ለብቻዬ ማግኘት። በበዓል ጠዋት ግን ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ዓይኑን ደጅ ደጅ ሲያሰማራ፣ እኔ ብቻዬን እንደማልበቃው አውቃለሁ። ያኔ ልጆቹ እንዳይመጡ ማርያምን እለምን ነበር፤ ዛሬ አባቴ እንዳይሰማኝ ጓዳ ገብቼ፣ ስልኩን አንስቼ፣ «ታደለ፣ ምነው ቀራችሁ? አባታችሁ እየጠበቃችሁ ነው እኮ» የምለው እኔው ነኝ። ታደለ ጸጉሩ ሸብቶ፣ የራሱን ልጆች አስከትሎ ሲገባ የአባቴ ፊት ይበራል። ደስ ይለኛል። ለእኔ ግን እንዲያ በርቶልኝ አያውቅም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።