እህት አስካለ

ባለፈው ሰሞን ገበያ መሃል አንዲት ሴት የተወቀጠ እንዶድ ስትሸጥ ሽታው ድንገት መጣብኝ። ሌላው ሰው እንዶድ ሲሸተው ነጭ ልብስ ይታየው ይሆናል፤ እኔ ግን አረፋ ውስጥ እስከ ክርናቸው የገቡ፣ የተሰነጣጠቁ የእናቴን እጆች ነው የማየው።

የተወለድኩት ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአያቴ በመሪጌታው ቤት ነው። አባቴ ዘምቶ ስላልተመለሰ፣ እናቴና እኔ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን መደብ ላይ እንተኛ ነበር። ኅዳር ላይ፣ እህሉ ተወቅቶ ሳያልቅ፣ ወንጌል ሰባኪዎች መድኃኒት ይዘው በመንደራችን አለፉ። የታመመውን የእናቴን ዓይን ቅባት ቀብተው አዳኑላት፣ እሷም ስታለቅስ ሰንብታ ትምህርታቸውን ተቀበለችና ማተቧን ፈታች። አያቴ አልጮኹም፣ ጮኸው ቢሆን ይሻል ነበር። «ልጄ ሞታለች፣ ተዝካሯን አወጣለሁ» አሉና በሩን ዘጉብን፤ እውነትም አወጡ።

ሰባኪዎቹ ኩልመስክ ዳር ወዳለ ሰፊ ግቢ ወሰዱን። እንደኛ ከየዘመዱ የተባረሩ ቤተሰቦችና ወላጅ የሌላቸው ልጆች በአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። እዚያ የኔ፣ ያንተ የሚባል ነገር የለም፤ ጋቢያችንን እንኳ በገባን ሳምንት ለአንዲት አራስ ሰጧት። አንቱታም ቀረ፣ አያቴን የሚያህሉ ሽማግሌ «አንተ» ሲባሉ ስሰማ እኔው እሸማቀቅ ነበር። ይባስ ብሎ የኅብረቱ መሪ፣ ወንድም ታደሰ የሚባል ድምፁ ለስላሳ ሰውዬ፣ ልጆቹን ሰብስቦ «አንዱ እማዬ ሲል እናት የሌለው ልቡ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሁላችሁም እህት በሉ» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እህት አስካለ ሆነች።

በዚያው ሰሞን ደርግ መሬቱም በሬውም የጋራ ነው እያለ ገበሬውን ማኅበር ያስገባ ነበር። ሰዉ በየጥጉ ሲያጉረመርም እኔ በልቤ እስቅ ነበር። ምን ሆኑና ነው! እነሱ የተወሰደባቸው በሬ፣ እኔ የተወሰደችብኝ እናቴ!

በልጉ ሲገባ እናቴ የልጆቹን ልብስ በእንዶድ ስታጥብ ወንዝ እየዋለች፣ ማታ ትንንሾቹ መሃል ገብታ ትተኛ ጀመር። ስታልፍ ራሴን ዳበስ ታደርገኝ ነበር፣ ግን ለሁሉም እንደምታደርገው ነው። አዳላች እንዳትባል ፈርታ ከኔው ትቀንስ ስለነበር፣ ዳቦ ሲቆረስ ትንሿ ቁራሽ ሁልጊዜ የኔ ነበረች።

ክረምት ላይ ትኩሳት ጣለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደንቡን ረስቼ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። ሮጣ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲል ዙሪያዋን አየችና «እህት አስካለ በይ እንጂ፣ ልጆቹ ይሰሙሻል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም። እልኸኛ ነኝ፣ የአያቴ የልጅ ልጅ አይደለሁ? እህት በሉ ካሉ እህት አልኳት።

መስከረም ሲጠባ ካድሬዎች መጥተው ወንድም ታደሰን አሰሩ፣ ግቢውንም አሸጉት። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እሰይ፣ እናቴ ልትመለስልኝ ነው ብዬ ፈነደቅሁ። ለካ ምኑንም አላወቅሁት! ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ሲሄድ፣ እሷ መጠጊያ ያጡትን ሦስት ልጆች አስከትላ ወጣች። አያቴ ተዝካሩን ስላወጡ ወደ ቤታችን መመለስ አልሆነም፤ የሞተ ሰው ወዴት ይመለሳል? ላሊበላ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች አራታችንንም አሳደገችን። ዳቦውንም እንደዚያው ትቆርሰው ነበር።

ዛሬ አርጅታ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። እነዚያ ልጆች የልጆች አባትና እናት ሆነው በየበዓሉ ይመጣሉ፣ ገና ከደጅ «እማዬ!» ይሏታል፣ እሷም ከዘራዋን ረስታ ትነሳለች። እኔ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ አስካለ ነው የምላት፤ እህት የሚለው ከጊዜ ጋር ወደቀ፣ ስሟ ብቻ ቀረ። እንግዶች ሲሰሙ እንጀራ እናቴ ትመስላቸዋለች።

በቀደም እግሯን ሳጥባት አላስችል አለኝና «ያን ጊዜ ምነው እንደዚያ አደረግሽኝ?» አልኳት።

«እነሱ ማን ነበራቸው ልጄ? አንቺ እኮ እኔ ነበርኩሽ» አለችኝ።

እግሯን እያሸሁ ያን ቃል ልሞክረው ከንፈሬን ከፈት አደረግሁ። ያኔ ቃሉ አፌን ሞልቶት ከለከሉኝ፤ ዛሬ ማንም የሚከለክለኝ የለም፣ ምላሴ ግን እምቢ አለኝ። «ተነሺ አስካለ፣ ውኃው ቀዘቀዘ» አልኳት።