አሥራ ስምንት ጊዜ አንድ ቁጥር

ትናንት ከምሳ በኋላ የሥራ ባልደረባዬን በሰው ሁሉ ፊት «አጭበርባሪ» አልኩት... ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ደስ እያለኝ።

ያሲን ይባላል። እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የሀገሬ ልጅ ነው። ኢምባካሲ ባለችው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤታችን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሠራለን፤ እንዋደዳለን ብዬ አልዋሽም። ትናንት ክሊኒክ የሚሄዱ አሥራ ስምንት ፓወር ሰፕላዮች ጠግኖ፣ አንድ በአንድ ለክቶ ደብተር ላይ መዝግቧል። አለቃችን ጋሽ መኮንን ከመታሸጋቸው በፊት ሁለቱን በትንሿ የእጅ ሜትር ቢሞክሯቸው፣ አሥራ ሁለት ቮልት መስጠት የነበረባቸው ዘጠኝ እንኳ አይሞሉም።

ደብተሩን ቀምቼ አየሁት። 12.031... 12.031... አሥራ ስምንቱም ላይ!

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሳይለካ ነው የሚጽፈው! አንዷን ቁጥር እየገለበጠ! አጭበርባሪ ነው!»

«ወላሂ ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ነው የጻፍኩት! ሳሳ፣ አሁን እኔ ፌክ ሠራሁ ነው የምትለው?»

ጋሽ መኮንን ክርክር አይወዱም። «ዕቃህን ሰብስብ» አሉት።

እኔ ግን አልበቃኝም። ላጋልጠው ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አንዱን ብልሹ ያሲን በለካበት የጠረጴዛ መልቲሜትር ለካሁት። 12.031። ግራ ገባኝ። ሽቦዎቹን አነሳኋቸው... አሁንም 12.031። ባዶ አየር እየለካሁ አሥራ ሁለት ቮልት!

ይሄ ሜትር ሲተዉት በራሱ እየደጋገመ ያለማቋረጥ ይለካል። «ሲንግል» የሚለውን ቁልፍ ከተጫኑት ግን አንዴ ብቻ ይለካና፣ ድጋሚ እስኪጫኑት ያንኑ ቁጥር ይዞ ቁጭ ይላል። ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ የራሴን ቦርድ የለካሁት እኔ ነኝ። ቁልፉን የተጫንኩትም እኔ። ወደነበረበት ሳልመልሰው ነው ተነስቼ የሄድኩት።

እሱስ ቢሆን ዓይን የለውም? አሥራ ስምንት ጊዜ ቁጥሩ ንቅንቅ ሳይል እንዴት አይጠረጥርም? ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ያሲን መበየጃውን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነበር... አፈርኩ።

«ጋሼ፣ ሜትሩን እንዲህ አድርጌ የተውኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተባረረም። አሥራ ስምንቱም እንደ አዲስ ተለኩ፤ አራቱ ተበላሽተው ተገኙ፣ እነሱንም ራሱ አስተካከላቸው። ይቅርታ ስጠይቀው ግን ቀና ብሎም አላየኝ።

«ስትሰድበኝ ሁሉም ሰምቷል» አለኝ።

ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር በለካ ቁጥር በስዋሂሊ ና እያለ ይጠራኛል፤ «ኩጃ! መጥተህ እይና ፈርም።» ሌላ ቃል አይናገረኝም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሃያ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ፈርሜያለሁ።

በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።