ታንከሩ ላይ ቧንቧ

ኧረ ተዉኝ እባካችሁ! ካዛንቺስ ውስጥ ቤት በሙቅ ውሃ የሚያሞቅ ሰው የለም አላችሁ? አለ፣ እኔ! ስምንተኛ ክፍል ያልጨረስኩት እኔ። ኢንጂነር ቢያየው ሙያ ይቀይር ነበር።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ሹም ናቸው። ክረምት ሲገባ አሮጊት እናታቸውን ቁርጥማት አልጋ ላይ ይጥላቸዋል። "ክፍላቸውን አንድ ነገር አርግልኝ" አሉኝ። የግቢው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሳልኩላቸው።

"መብራት ሲኖር ውሃው ይግልና እዚህ ትልቅ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። መብራት ሲጠፋ ያ ትኩስ ውሃ በእማማ ክፍል ግድግዳ ላይ በምገጥመው ራዲያተር ይዞርና ይመለሳል። ፓምፗ በባትሪ ነች፣ በቃ።"

"መቅጃ ቧንቧውስ?"

"አይቀዳም ጋሼ። ያው ውሃ ነው የሚዞረው።"

"ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን የሚያክል ታንከር ተሞልቶ አይቀዳም? አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?"

"የመኪናዎን ራዲያተር ውሃ ይጠጡታል እንዴ?"

ሳቁ። የገባቸው መሰለኝ።

ሠራሁት። እማማ ጋቢያቸውን ጥለው መረቁኝ።

ነሐሴ ላይ "ክፍሉ ቀዝቅዟል" ተብዬ ተጠራሁ። እዛ ቤት ሳይበሉ ሥራ የለም፣ ምሳ ቀረበልኝ። ርቦኝ ስለነበር እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ገባሁበት። ሽሮው ጠቆር ብሏል፣ ምን አገባኝ፣ ጠራርጌ በላሁ። ከዛ የጋሼ ልጅ ልታስታጥበኝ መጣች። ከጆጉ የወረደው ውሃ፣ ማለቴ ውሃ ከተባለ፣ የተቃጠለ ዘይት ነው የሚመስለው። የዝገትና የገማ እንቁላል ሽታ!

"ይሄ ከየት ነው?"

"ከታንከሩ ነዋ። አባዬ ቧንቧ አስገጠመለት። ሞቅ ስለሚል ወጥ ቶሎ ያደርስልናል።"

 አጥር ሥር ሽሮውን በሙሉ መለስኩላቸው። ጋሼ አጠገቤ ቆመው "አትሞትም፣ እኛ ስንት ቀን በልተነዋል" አይሉኝም! ኤጭ! አሁንም ሽሮ ሳይ ያጥወለውለኛል።

ታንከሩን ከፍቼ ባይ ግማሹ የለም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው አየር ብቻ። እማማ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

"እማማ፣ ሙቀትዎን በሽሮ በልተውታል" አልኳቸው።

ወደ ጋሼ ዞሩ። "እኔን አቀዝቅዘህ ወጥ ትሠራለህ? አስነቅለው! አሁኑኑ!"

ነቅዬ ቀዳዳውን ደፈንኩት። የውሃው ፈረቃ አልደረሰም፣ እማማ ለመጠጥ የተቀመጠውን ሳይቀር ታንከሩ ውስጥ አስገለበጡት። አልሞላም። ጋሼ፣ ያን የሚያክሉ ሹም፣ ጀሪካን አንጠልጥለው እስከ ኡራኤል ውሃ ሲለምኑ ዋሉ። ሲመሽ ራዲያተሩ እጅ አያስነካም።

ውሸት ነው? ሂዱና ጠይቁ! ጎረቤቱ በሙሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያየን ነበር። ስመልስ ያየኝንም ጠይቁት፣ እሱም እስካሁን ሽሮ አይበላም።